አበሉ ለማን ይደርሳል? የወረርሽኝ ጊዜ የተጋላጭነት ክፍያ ከጅማ ሲታይ

ትኩሳት የያዘው፣ ሳል የሚያጣድፈው አንድ ሰው ከቦንጋ በሚመጣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ጅማ መናኸሪያ ደረሰ እንበል። ባጃጅ ይኮናተርና ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይሄዳል። አቅሙ ስለደከመ ባለባጃጁ ብብቱን ይዞ ያወርደዋል። በር ላይ ጥበቃው ይፈትሸዋል። ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ ድምፁ አልሰማ ስላላት ጆሮዋን ወደ መስኮቱ ታስጠጋለች። ነርሷ ሙቀቱን ትለካለች፤ ሐኪሙ ደረቱን ያዳምጣል፤ የላቦራቶሪ ባለሙያው ከጉሮሮው ናሙና ይወስዳል። ሌሊት ያስመልሰዋል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ትመጣለች። ሲነጋ አንሶላው ተጠቅልሎ ወደ ልብስ ማጠቢያ ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ አንድ ሰው ጥቅሉን ፈትቶ ያራግፈዋል።

ስምንት ሰዎች ነኩት። መንግሥት በወረርሽኝ ወቅት «ራሳቸውን ለአደጋ አጋልጠው ለሚሠሩ ተጨማሪ ክፍያ ይከፈላል» ብሎ ቢያውጅ ከስምንቱ ለማን ይደርሳል? ብዙ ሰው ሳያመነታ ሐኪሙንና ነርሷን ይጠራል። ጥቂት አስቦ የላቦራቶሪ ባለሙያውን ይጨምራል። ባለባጃጁን የሚያስታውስ እምብዛም ነው፤ ጥቅሉን የፈታውን ሰውማ ማንም አይጠራውም። የተጋላጭነት አበል ጣጣው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አሳቡ ራሱ ለእኛ አገር የመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። ሙቀቱ በሚያነድበት ቆላ የተመደበ ሰው የበረሃ አበል ያገኛል። መምህሩ ደጋም ሆነ ቆላ የሚያስተምረው ያንኑ ትምህርት ነው፤ አበሉ የሚከፈለው ቦታው በሰውነቱ ላይ ለሚያደርሰው ነገር ነው። የወረርሽኝ ጊዜ ክፍያም እንዲሁ ነው። ደመወዝ የሥራው ዋጋ ነው፤ አበሉ ደግሞ ያንን ሥራ በመሥራት ብቻ በአንድ ሰው ገላ ላይ ለሚወድቀው አደጋ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ምስጋና አይደለም፣ ሽልማትም አይደለም። በኮሮና ጊዜ ሁለቱ በብዙ አገር ተደባልቀው ነበር። ብሪታንያ ውስጥ ሰዉ በየሐሙሱ ምሽት በራፉ ላይ ቆሞ ለጤና ባለሙያዎች ያጨበጭብ ነበር፤ ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ነርሶቹ የደመወዝ ጥያቄያቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ። ጭብጨባ የቤት ኪራይ አይከፍልምና አልፈርድባቸውም።

«አደገኛ ሥራ ራሱ ደመወዙን ያስወድዳል፤ መንግሥት ምን ጥልቅ አደረገው?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከአዳም ስሚዝ ዘመን ጀምሮ ኢኮኖሚስቶች የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የሚያደክም፣ የሚያቆሽሽ ወይም የሚያስፈራ ሥራ ሠሪ እንዲያገኝ ክፍያው ከፍ ማለት አለበት። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ሠራተኛው ሌላ አማራጭ ሲኖረው ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ሆቴሉ ይዘጋል፣ ግንባታው ይቆማል፣ ሥራ ፈላጊው ይበዛል። የጽዳት ሠራተኛዋ «ካልጨመራችሁልኝ እለቃለሁ» ብትል በእሷ ቦታ ለመግባት የሚጠብቅ ሌላ ሰው በር ላይ አለ። አደጋዋ ሲጨምር የመደራደር አቅሟ ይቀንሳል። በዚያ ላይ በኢትዮጵያ ለግል ዘርፍ ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። ከሥራዋ የሚጠቀመው ደግሞ ቀጣሪዋ ብቻ አይደለም። በሽታው ከሆስፒታሉ ግቢ እንዳይወጣ የምታደርገው ለጅማው ሂርማታ ገበያ ነጋዴም፣ ለአጂፕ ሰፈር ነዋሪም ጭምር ነው። ሁሉም የሚጠቀምበትን ነገር ዋጋ ከጋራ ካዝና መክፈል አለብን የሚለው ክርክር ከዚህ ይነሣል።

እሺ፣ ይከፈል። ለማን?

አሜሪካኖች ይህን ጥያቄ በየክፍለ ግዛቱ እየሞከሩት ብዙ አስተምረውናል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 የተወካዮች ምክር ቤታቸው ለአስፈላጊ ሠራተኞች በሰዓት 13 ዶላር ተጨማሪ የሚሰጥ፣ 200 ቢሊዮን ዶላር የተያዘለት አሳብ ያለበት ሕግ አጸደቀ፤ በሴኔቱ በኩል ሳያልፍ ቀረ። በ2021 በወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች ከፌዴራል መንግሥት ከሚደርሳቸው የማገገሚያ ገንዘብ ላይ እንዲህ ያለ ክፍያ እንዲከፍሉ ተፈቀደላቸው። ሚኔሶታ 500 ሚሊዮን ዶላር መደበች። መጀመሪያ የታሰበው ወደ 667,000 ለሚጠጉ ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 750 ዶላር ለመስጠት ነበር። ነርሱ፣ የገበያ አዳራሽ ገንዘብ ተቀባዩ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኛው፣ የሕፃናት ማቆያ ሞግዚቷ ሁሉ አመለከቱ። ያለፉት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆኑና ለእያንዳንዱ የደረሰው 487 ዶላር ከ45 ሳንቲም ብቻ ሆነ። ገንዘቡ እጅ የገባውም በ2022 መገባደጃ፣ ያ የሚያስፈራው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር።

ስለዚህ ዝርዝሩ ይጥበብ የሚል ሰው ይነሣል። እውነትም ዝርዝሩ ሲሰፋ ድርሻው ይሳሳል። ግን በየትኛው መስፈርት ይጥበብ? ነጭ ጋውን መልበስ የአደጋ መለኪያ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከማርች እስከ ኦክቶበር 2020 ባለው ጊዜ ለሥራ በደረሱ ሰዎች መካከል የሞተው ቁጥር በሌላ ጊዜ ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደበለጠ በየሥራው ተለይቶ ተጠንቶ ነበር። በጤና ዘርፍ የተሠማሩት 19 በመቶ ጭማሪ ታየባቸው። በምግብና እርሻ ዘርፍ ያሉት ግን 39 በመቶ፣ በትራንስፖርት 28 በመቶ። ከሁሉ የባሰው የሬስቶራንት ወጥ ቤት ውስጥ የሚያበስሉት ሲሆኑ 60 በመቶ ደረሰ። ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም፤ ጠባብና የታፈነ ክፍል ነው፣ እየተጯጯሁ ይሠራል፣ ከተቀሩ ደመወዝ የለም። ጅማ ውስጥ ሌሊት ዳቦ የሚጋግር ሰው የሚያድርበትን ክፍል ያየ ሰው ይህን አኃዝ ሲያነብ አይደነቅም። ይህን ስል የጤና ባለሙያውን አደጋ ማሳነሴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ሜይ 2021 ድረስ በዓለም ዙሪያ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚደርሱ የጤናና እንክብካቤ ሠራተኞች በኮቪድ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። ነገር ግን አደጋው ዲግሪ አይጠይቅም።

አከፋፈሉም እንደ ዝርዝሩ ያጣላል። የካናዳዋ ኦንታሪዮ በሰዓት 4 ዶላር ጨመረች፤ በ4 ሳምንት ውስጥ ከ100 ሰዓት በላይ ለሠራ ደግሞ 250 ዶላር አከለችበት፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 24 እስከ ኦገስት 13፣ 2020 ቆየ። አልበርታ 1,200 ዶላር በአንድ ጊዜ ሰጠች። ፈረንሳይ በሽታው ክፉኛ በመታቸው አካባቢዎች ለሆስፒታል ሠራተኞች እስከ 1,500 ዩሮ፣ በሌሎቹ 500 ዩሮ ከፈለች። ጋና በኤፕሪል 2020 ለጤና ሠራተኞች የሦስት ወር የገቢ ግብር ምሕረት አደረገች፤ ለግንባር ቀደሞቹ የመሠረታዊ ደመወዛቸውን 50 በመቶ ጨመረች፤ የ350,000 ሲዲ የመድን ሽፋንም አከለች። እዚያም ቢሆን «ግንባር ቀደም ማለት ማን ነው?» የሚለው ክርክር ለመነሣት ጊዜ አልወሰደበትም።

በመቶኛ የሚሰላ አበል ፍትሐዊ ይመስላል፤ አይደለም። 50 በመቶ ሲባል 15,000 ብር የሚከፈለው ሰው 7,500 ብር ያገኛል፤ 4,000 ብር የሚከፈላት ጽዳት ሠራተኛ 2,000 ብር ታገኛለች። አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት አየር እየተነፈሱ ነው። የአንዱ ሳንባ የሌላዋን ሳንባ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል ካልተባለ በቀር ለተመሳሳይ አደጋ ተመሳሳይ ብር መክፈል ይሻላል። በሰዓት ወይም በቀን የሚቆጠረው ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ካልመጣህ የለህም የሚል ክፍያ ትኩሳት የጀመረውን ሠራተኛ ክኒን አስውጦ ወደ ሥራ ያመጣዋል። የቀን አበሉን ላለማጣት ሲል ሕመሙን ይደብቃል፤ የመጣውም ታካሚ ሊያክም ሆኖ ሳለ በሽታ አከፋፋይ ይሆናል። እንዲህ ያለው አበል ከሕመም ቀን ክፍያ ጋር ካልተጣመረ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። በዚህ ላይ ግብር አለ። ነፃ ካልተባለ በቀር ደመወዝ ላይ የተጨመረ ገንዘብ ሁሉ ግብር ይቆረጥበታል። የዌልስ መንግሥት ለእንክብካቤ ሠራተኞቹ 500 ፓውንድ ሲሰጥ ማዕከላዊው የብሪታንያ ግምጃ ቤት ድርሻውን አልተወም ነበር።

የተፈቀደ አበል ሁሉ ደግሞ አይከፈልም። የዚህን መዘዝ ያየችው ሴራሊዮን ናት። በኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ አስከሬን ለሚቀብሩ ሠራተኞች ሳምንታዊ የአደጋ ክፍያ ተፈቅዶ ነበር። በኬኔማ ከተማ ግን የኦክቶበርና የኖቬምበር 2014 ክፍያ አልመጣም፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ሠራተኞቹ በኖቬምበር መጨረሻ አስከሬኖችን አውጥተው የሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ጥለው ሥራ አቆሙ። አድራጎቱ ያሰቅቃል። ሆኖም ማንም ሊነካው የማይደፍረውን ሬሳ በየቀኑ የሚያነሣ ሰው ለሁለት ወር በባዶ እጁ ሲገባ ምን ይጠበቃል? በኋላ በዚያው አገር ክፍያው ከጥሬ ገንዘብ ወደ ሞባይል ገንዘብ ተዛወረ። በአማካይ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ የነበረው ክፍያ በሳምንት ገደማ መድረስ ጀመረ፤ በየመንገዱ ይንጠባጠብ የነበረ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዳነ፤ የሥራ ማቆሙም በእጅጉ ቀነሰ። እኛ አገር ኮሮና ሲገባ ቴሌብር ገና አልነበረም፤ የተጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የጅማ ሊስትሮ እንኳ በስልኩ ገንዘብ ይቀበላል፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ወረርሽኝ «ማድረሻ መንገድ አጣን» የሚለው ሰበብ አያስኬድም።

የሚቀረው «ከማን ካዝና?» የሚለው ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የፌዴራል ነው። እዚያው ከተማ ያለው ሸነን ጊቤ ሆስፒታል በኦሮሚያ ክልል ሥር ነው። ሁለት ነርሶች አንድ ሰፈር ተከራይተው፣ በአንድ ባጃጅ ተሳፍረው ወደ ሥራ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ደመወዛቸው የሚመጣው ግን ከሁለት የተለያዩ በጀቶች ነው። ፌዴራል መንግሥቱ አበል ፈቀደ ማለት ክልሉ ወይም ወረዳው ገንዘብ አገኘ ማለት አይደለም። የወረዳ በጀት አብዛኛው በደመወዝ እንደሚያልቅ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል። ከላይ የተፈቀደና ከታች በጀት ያልተያዘለት አበል የሚወልደው ጠብ ብቻ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ባነሡት የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ውስጥም አበል ነበረበት፤ ወረርሽኝ በሌለበት ጊዜ እንኳ ጉዳዩ እንዳልተቋጨ ያሳያል።

እስካሁን ያወራነው ጤነኛ ሆኖ ስለሚሠራ ሰው ነው። በእኔ እምነት ዋናው ጉዳይ ግን አደጋው ሲደርስ ነው፤ የአበሉ ክርክር ይህን ሸፍኖብናል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ ሁለት በር አለው። የመጀመሪያው ተራ ሕመም ነው። ሠራተኛው በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ሁለተኛው በር በሥራ ምክንያት የመጣ ጉዳት ወይም በሽታ ነው። በዚህ በኩል የገባ ሰው ከሥራ ውጭ በሚቆይበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። የሕክምናው ወጪም በአሠሪው ላይ ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ ነው።

በብር እናስላው። ለሆስፒታል የጽዳት አገልግሎት በሚያቀርብ የግል ድርጅት በኩል የተቀጠረች፣ በወር 6,000 ብር የሚከፈላት ሴት በወረርሽኙ በሽታ ተይዛ ለ6 ወር አልጋ ላይ ዋለች እንበል። ሕመሟ ተራ ሕመም ከተባለ በስድስቱ ወር በድምሩ የምታገኘው 12,000 ብር ነው፤ 6,000 በመጀመሪያው ወር፣ 3,000፣ 3,000 በሁለቱ ወራት፣ ከዚያ ባዶ። በሥራ ምክንያት የመጣ ነው ከተባለ ግን 31,500 ብር ታገኛለች፤ ሕክምናውም ከኪሷ አይወጣም። ልዩነቱ 19,500 ብር ነው። አሁን ይህችኑ ሴት 20 በመቶ የተጋላጭነት አበል ተፈቅዶላት ብትሠራ በስድስት ወር የምታገኘውን ጭማሪ አስቡት፤ 7,200 ብር። ሁላችንም የምንከራከረው ስለ 7,200ዋ ነው።

ታዲያ በየትኛው በር ትገባለች? እዚህ ላይ አዋጁ አንድ ለብዙ ሰው የማይታወቅ ቁራጭ አለው። አንቀጽ 98 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም፣ ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የተዛመተ ወረርሽኝን ወይም በአካባቢው ነዋሪ የሆነን በሽታ ከትርጉሙ ያወጣዋል። በሽታውን የመከላከልና የማጥፋት ሥራ ላይ ብቻ የተሰማሩ ሠራተኞች ግን በዚህ አይነኩም። ምክንያቱ ሲታይ ሞኝነት የለበትም፤ ወባ ባለበት እርሻ ላይ የሚሠራ ሰው ወባ ቢይዘው ቤቱ ተኝቶ ይሁን ማሳው ላይ ቆሞ የተነከሰው ማን ይለያል? አሠሪው ለአገሩ በሽታ ሁሉ ዋስ እንዳይሆን የተጻፈ ይመስላል።

ቁልፉ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። በለይቶ ማከሚያ ውስጥ የተመደበችው ነርስ ቦታዋ ግልጽ ነው። ዛሬ የወሊድ ክፍልን፣ ነገ የተመላላሽ ታካሚዎችን መተላለፊያ፣ ከነገ ወዲያ የለይቶ ማከሚያውን ወለል የምትወለውለው ሴትስ? ሥራዋ በሽታን ማጥፋት ብቻ ነው ማለት ይቻላል? የአሠሪዋ ጠበቃ «አይደለም» ለማለት ብዙ መድከም የለበትም። ጥበቃው፣ ካርድ ክፍሏ፣ የልብስ ማጠቢያው ሰውም እዚያው መስመር ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ይህ አዋጅ የግል ድርጅትና የልማት ድርጅት ሠራተኞችን እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ እነሱ የራሳቸው ሕግ አላቸው። እናም አንድ ኮሪደር ላይ አብረው የሚጠርጉ፣ አንዷ በሆስፒታሉ ሌላዋ በድርጅት የተቀጠሩ ሁለት ሴቶች በአንድ ቀን ቢታመሙ ጉዳያቸው በሁለት ሕግ ይታያል።

ሌሎች አገሮች ይህን ቋጠሮ በወረርሽኙ መሐል ፈትተውታል፤ የሚያስገርመውም ብዙ ገንዘብ ሳይመድቡ መሆኑ ነው። ጣሊያን በማርች 2020 ባወጣችው ድንጋጌ በሥራ ላይ የተያዘን የኮሮና ሕመም እንደ ሥራ ላይ አደጋ ቆጠረችው፤ የመድን ተቋሟም ከጤና ባለሙያ አልፎ ከሕዝብ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙትን፣ ገንዘብ ተቀባይና የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛን ጨምሮ፣ በሥራቸው ምክንያት እንደተያዙ ገመተላቸው። ካሊፎርኒያ በሴፕቴምበር 2020 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ደቡብ አፍሪካም በማርች 2020 በሥራ የተያዘ ኮቪድ ካሣ የሚያስገኝበትን መመሪያ አወጣች። ነገሩ የማስረጃ ሸክምን ማዞር ነው። በተለመደው አሠራር ሠራተኛው «ሥራ ቦታ ነው የያዘኝ» ብሎ ማስረዳት አለበት፤ የማይታይ ተሕዋስ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ሰው እንደገባበት ማን ያስረዳል? ግምቱ ሲዞር አሠሪው ወይም መድን ሰጪው ነው «ሥራ ቦታ አይደለም» ብሎ ማስረዳት ያለበት። ሕንድ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘች፤ በማርች 2020 ለጤና ሠራተኞች፣ በየመንደሩ የሚዞሩትን የማኅበረሰብ ጤና ሴቶች ጨምሮ፣ የ5 ሚሊዮን ሩፒ የሕይወት መድን ገባች።

«ድሃ አገር ይህን አይችልም» የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ለሁሉም ሠራተኛ በየወሩ አበል መክፈል በእርግጥ ይከብዳል። የካሣ ግምት ግን የሚያስከፍለው ለታመመው ሰው ብቻ፣ በታመመ ጊዜ ብቻ ነው። ጤነኛ ሆኖ የዋለ ሠራተኛ አያስወጣም። በዚያ ላይ አሠሪው ጓንትና የፊት ጭምብል ለመግዛት ይበረታል፤ ሠራተኛው ከታመመ እሱው ይከፍላላ። የወር አበል ግን አንዳንዴ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ «ለአደጋው ከፍለንሃል» ተብሎ የጓንቱ ጥያቄ ዝም ይባላል። አበልን ከመከላከያ ጋር የሚለውጥ አለቃ ገጥሞት የማያውቅ ሠራተኛ ዕድለኛ ነው።

አሁን ወደ ባለባጃጁ እንመለስ። ፔሮል ላይ የለም፣ ቀጣሪ የለውም፤ ባጃጇ የሌላ ሰው ከሆነች ማታ የሚያስገባው ገንዘብ ብቻ ነው ያለው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በኢትዮጵያ ከተገኘና መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ተደረገ፤ ታሪፍም ከፍ አለ። አንዳንዱ ይህን የሾፌሮች የአደጋ ክፍያ አድርጎ ያየው ነበር። አልነበረም። የባዶው ወንበር ማካካሻ ነበር፤ የከፈለውም ተሳፋሪው ነው። ለሾፌሩ ገላ የተከፈለ ነገር የለም። እንደ እሱ ያሉት ብዙ ናቸው፤ ሂርማታ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው፣ ጆንያ የሚሸከመው፣ በየቤቱ የምትሠራው። የቤት ሠራተኛዋማ ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ውጭ ናት፤ በሽተኛ አሮጊት የምታስታምም ከሆነ ከነርሷ እኩል ተጋልጣለች፣ ከነርሷ ጋር ግን በአንድ ዝርዝር ላይ አትገኝም። ለእነዚህ ሰዎች ከደመወዝ ጋር የተያያዘ ማንኛውም አበል አያገለግልም። የሚጠቅማቸው ቢታመሙ ቤት ለሚቀመጡበት ሳምንት የሚሆን ገንዘብና ነፃ ሕክምና ነው፤ ይህም በቀበሌ በኩል በስልካቸው ሊደርስ ይችላል። መታመማቸውን እንዳይደብቁም ያደርጋል፤ ለጅማ ከተማ ከማንኛውም አበል የበለጠ ዋጋ ያለው ይህ ይመስለኛል።

ዛሬ በእጅ ላለው ሕግ አንድ ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በድርጅት የተቀጠረ ሰው ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ወይም ሌላ ክፍያ የመጠየቅ መብቱ ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። «ወረርሽኙ ይለፍና እንጠይቃለን» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ያጣዋል። የትርፍ ሰዓቱም በአበል ስም ተውጦ እንዳይቀር ለየብቻ ይቆጠር፤ በአዋጁ የቀኑ 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው የሌሊቱ 1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀኑ 2፣ የሕዝብ በዓሉ 2.5 እጥፍ ነው። ከተራ ሕመም ወደ ሥራ በሽታ ለመሻገር ደግሞ የሚጠየቀው ወረቀት ነው። በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቀን ተረኛ እንደነበርሽ የሚያሳየው የተረኝነት ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይሰነብትና ወሩ ሲያልቅ ተቀድዶ ይጣላል። ከመቀደዱ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ከተቻለ ማኅተም ያለበት ቅጂ ይወሰድ። የጤና ችግር ሲሰማ ለቅርብ ኃላፊ በጽሑፍ ማሳወቅና የደረሰበትን ቀን ማስፈረም፤ ሐኪም ቤት ሲኬድም ሥራው ምን እንደሆነ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።